«ማር ሲበዛ ይመራል» ፦ የመድኃኒት ልክ እንዴት ተገኘ?

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ከብዙዎቻችሁ የእጅ ቦርሳ ወይም ኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ ስለማይጠፋ አንድ ትንሽ ክኒን ነው። ወደ ቁም ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን በቅርቡ በዓይኔ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ሰዓቱ የሥራ መውጫ ነበር። ራሴን ቢያመኝ ማስታገሻ ልገዛ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከፊቴ የቆመችው ወጣት ሴት የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፤ በአንድ እጇ የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ይዛለች። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ገዛች። ማሸጊያውን ከፈት አድርጋ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ስስ ወረቀት አወጣችና ሳታየው ከቆሻሻ መጣያው ጨመረችው። ከዚያም ወደ መድኃኒት ባለሙያዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ በማድረግ፣

«እህቴ፤ በቀን ሁለት ሁለት ብውጥ ይበልጥ አያስተማምነኝም?» ስትል ጠየቀቻት።

«አይሆንም፤ በቀን አንዲት ብቻ ናት። በየቀኑ ሁለት ብትውጪ ማቅለሽለሹንና ራስ ምታቱን እንጂ መከላከሉን አትጨምሪም» አለቻት ባለሙያዋ። ወጣቷም «እሺ» ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። ወረቀቷ ግን እዚያው ቀረች።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «እንዴት ያለ የየዋህ ጥያቄ ነው!» ትሉ ይሆናል። እንዲህ ብሎ መፍረድ ግን አይገባም። ይህንኑ ጥያቄ ታላላቅ የሳይንስ ሰዎችም ጠይቀውታል። ከዚህም አልፎ፣ ይህችው ክኒን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠራ የተሰጠው መልስ የተሳሳተ ነበር። ስሕተቱን ለማረም ብዙ ዓመታት ፈጅቷል፤ ዋጋውንም የከፈሉት ሴቶች ናቸው። ያቺ የተጣለችው ወረቀት ራሷ የዚያ ታሪክ ፍሬ ነች። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እንመልከተው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድኃኒትና መርዝ የሚለያዩት በምንድን ነው?

በአገራችን ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ኮሶ አድርቀውና ወቅጠው በውኃ ወይም በጠላ በጥብጠው ሲያጠጡ፣ ትልቁ ጭንቀታቸው ልኩ ነበር። ሲያንስ የኮሶ ትሉ አይወርድም፤ መከራው ብቻ ይተርፋል። ሲበዛ ደግሞ ጠጪውን ያዝላል፣ ያስመልሳል፤ አለቅጥ የበዛ ኮሶ የዓይን ብርሃን እንደሚጎዳም ሐኪሞች መዝግበዋል። መለኪያው እፍኝና የዓይን ግምት በመሆኑ፣ ለአንዱ የበጀው መጠን ሌላውን አልጋ ላይ ይጥለው ነበር። ዛሬ ለዚሁ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም እየተሰላ ነው። ይኸው ክኒን ለብልሃርዚያ ሲታዘዝ ደግሞ በኪሎ 40 ሚሊግራም ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ሲሆን፣ በሽታው ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል ማለት ነው።

ፓራሴልሰስ የተባለው የስዊስ ሐኪም በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንድን ነገር መርዝ የሚያሰኘው መጠኑ መሆኑን አስተምሯል። የእኛም አባቶችና እናቶች «ማር ሲበዛ ይመራል» ሲሉ ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገሩን በወጥ ቤታችን እንመስለው። ወጥ ላይ ጨው ስንጨምር መጀመሪያ ጣዕሙ እየተሻለ ይሄዳል። ከአንድ ደረጃ ሲደርስ ግን ከዚያ በላይ አይጣፍጥም፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ጨው ሁሉ ወጡን ያበላሻል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። መጠኑ ሲጨምር ጥቅሙ እስከ አንድ ደረጃ ከፍ ይልና ይቆማል። ጉዳቱ ግን በዚያ አይቆምም፤ መጨመሩን ይቀጥላል። የተመራማሪው ሥራ ጥቅሙ በሚገባ የሚገኝበትን፣ ጉዳቱ ግን ገና ያልበረታበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህ ቦታ ለአንዳንዱ መድኃኒት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ለአንዳንዱ ግን እንደ ገደል አፋፍ የጠበበ ነው።

መሰላሉ እንዴት ይወጣል?

ለመሆኑ አንድ አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲሰጥ ከየት ይጀመራል? በአሁኑ ጊዜ ያለው አሠራር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ ይሞከራል፤ ምንም ጉዳት ያልታየበት ከፍተኛው መጠንም ይመዘገባል። ያ መጠን ወደ ሰው አካል ተሰልቶ ይለወጥና፣ ብዙውን ጊዜ ለጥንቃቄ ቢያንስ ለ10 ይካፈላል። ከዚያ በኋላ ነው ለጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች የሚሰጠው። አንድ ደረጃ ተወጥቶ ደኅና መሆኑ ሲታይ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ጉዳት ከታየ ይቆማል። ይህ ካለፈ በኋላ በመቶ በሚቆጠሩ ሕሙማን፣ ቀጥሎም በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይጠናል።

መሰላሉን በጥንቃቄ መውጣት ለምን እንደሚያስፈልግ በ2006 በለንደን ከተማ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። ቲጂኤን1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ወጣቶች ተሰጠ። የተሰጣቸው መጠን በእንስሳት ላይ ጉዳት ካላሳየው መጠን 500 እጅ ያነሰ ነበር። ሆኖም ስድስቱም በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ተወጉ፤ ስድስቱም በዚያው ዕለት በጽኑ ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሕይወታቸው ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ግን እንዲህ ያለው መድኃኒት መጀመሪያ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ ተጠብቆና ታይቶ ነው ለሁለተኛው የሚሰጠው።

እንግዲህ ወደ ክኒናችን እንመለስ።

10 ሚሊግራም ለምን?

የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሐሳብ የተወጠነው በአሜሪካ ነው። ማርጋሬት ሳንገር የተባሉት የቤተሰብ ምጣኔ ተሟጋች ሐሳቡን አነሡ፤ ካትሪን ማኮርሚክ የተባሉት ባለጸጋ ሴት ገንዘቡን ሰጡ፤ ግሪጎሪ ፒንከስ የተባሉት ሳይንቲስትና ጆን ሮክ የተባሉት የማህፀን ሐኪም ደግሞ ምርምሩን ያዙ። በ1954 በማሳቹሴትስ 50 በሚሆኑ ሴቶች ላይ የተጀመረው ጥናት ተስፋ ሰጪ ሆነ። ከዚያም በ1956 ሰፋ ያለው ሙከራ በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ሪዮ ፒየድራስ በተባለ ሥፍራ ተጀመረ።

ለሴቶቹ በየቀኑ የሚሰጠው ክኒን ኖርኤቲኖድሬል የተባለውን ሆርሞን 10 ሚሊግራም ይዟል። ከእርሱም ጋር ሜስትራኖል የተባለ የኤስትሮጂን ዓይነት ነበረበት። የሜስትራኖሉ ነገር የሚያስገርም ነው። መጀመሪያ የገባው ታስቦበት ሳይሆን፣ ዋናው ሆርሞን ሲሠራ እንደ ጉድፍ ተቀላቅሎ ነው። ጉድፉ ሲጠራ ግን ሴቶቹ ወር አበባቸው ባልሆነ ጊዜ ይደሙ ጀመር። ስለዚህ ተመልሶ እንዲገባ ተደረገና መጠኑ 0.15 ሚሊግራም ሆኖ ጸና። ከዚህ እንደምትረዱት፣ ከመጠን ማነስም የራሱ ችግር አለው።

የሙከራው ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ-ሬይ ሴት ሐኪም ናቸው። እርሳቸውም ውጤቱን በቅንነት አቀረቡ። ክኒኑ በትክክል ለወሰደችው ሴት እርግዝናን በሚገባ ይከላከላል። ነገር ግን ከመቶ 17 የሚሆኑት ሴቶች ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና ትውከት አጋጥሟቸዋል። በመሆኑም ዶክተሯ፣ 10 ሚሊግራሙ መከላከሉን የተዋጣለት ቢያደርገውም በዚህ ሁኔታ ለብዙኃን የሚመች አይደለም ሲሉ አስታወቁ።

ማስጠንቀቂያው በሚገባ አልተሰማም። ፒንከስ የሴቶቹ ሕመም አብዛኛው ከሐሳብና ከሥጋት የመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። የተመራማሪዎቹ ትልቁ ፍርሃት አንዲት ሴት እንኳ ክኒኑን እየወሰደች ብታረግዝ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል የሚል ነበር። ስለዚህ ማስተማመኛውን በከፍተኛ መጠን ፈለጉት። መድኃኒት ቤት ያገኘኋት ወጣት ያሰበችውን እነርሱም አሰቡ፤ «ከበዛ ያስተማምናል» አሉ። የሪዮ ፒየድራስ ሴቶች ደግሞ ድሆች ነበሩ፤ የሚውጡት ክኒን ገና በሙከራ ላይ ያለ መሆኑም አልተነገራቸውም። ይህ ዛሬ በሕግም በሕሊናም የማይፈቀድ ነገር ነው።

ክኒኑ ኢኖቪድ በሚል ስም በ1960 በአሜሪካ ለእርግዝና መከላከያነት ተፈቀደ። በሚልዮን የሚቆጠሩ ሴቶችም ወሰዱት። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አራርቀው ለመውለድ፣ ለመማርና ሥራ ለመያዝ የቻሉት በእርሱ ነውና ጥቅሙ በቀላሉ የሚገመት አይደለም።

ከሺህ መካከል የሚገኘው አደጋ

በ1961 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንዲት ነርስ ጻፉ። ነርሷ ይህንኑ መድኃኒት ለማህፀን ሕመም ስትወስድ ቆይታ፣ የረጋ ደም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ። በመጀመሪያ እንደ አጋጣሚ ተቆጠረ። ቀጥሎ ግን ሌሎች ተከታተሉ። እንዲህ ያለው ችግር በብዙ ሺህ ሴቶች መካከል አንድ ሁለት ቦታ ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ በጥቂት መቶ ሴቶች ላይ በሚደረግ ሙከራ ሊገኝ አይችልም። ማቅለሽለሹን ሴቲቱ ራሷ ትናገረዋለች፤ የደም መርጋቱ ግን ሳይናገር ይመጣል።

በ1967 እና በ1968 በብሪታንያ የወጡት ጥናቶች ክኒኑና የደም መርጋት መያያዛቸውን አረጋገጡ። ቀጥሎም ወሳኙ ነገር ታወቀ፤ አደጋው ከኤስትሮጂኑ መጠን ጋር ይጨምራል። ስለዚህ በታኅሣሥ 1969 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ከ50 ማይክሮግራም የማይበልጥ ኤስትሮጂን ያለባቸው ክኒኖች እንዲታዘዙ መከረ። የመጀመሪያው ክኒን የያዘው 0.15 ሚሊግራም ማለት 150 ማይክሮግራም ነው። ኮሚቴው የፈቀደው ጣሪያ ከዚያ ሲሶው ነበር።

እርግዝናን መከላከሉስ ተጓደለ? አልተጓደለም። በልኩ የተሠራው አነስተኛ መጠን በትክክል ለወሰደችው ሴት እንደ ቀድሞው ይከላከላል። ለዓመታት የተዋጠው ትርፍ ሆርሞን ጥቅም ሳይጨምር ጉዳት ብቻ የጨመረ መሆኑ ተገለጠ።

ወረቀቷ ከየት መጣች?

በጥር 1970 የአሜሪካ ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ስለ ክኒኑ ደኅንነት በምክር ቤት ምስክር ማሰማት ጀመሩ። ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ተጠሩ። ክኒኑን ከሚውጡት ሴቶች ግን አንዲት እንኳ ለምስክርነት አልተጠራችም። በዚህ ጊዜ ከአዳራሹ ተመልካቾች መካከል ወጣት ሴቶች እየተነሡ፣ የምንውጠው እኛ ሆነን ሳለን ጉዳቱ ለምን አልተነገረንም ሲሉ ድምፃቸውን አሰሙ። ነገሩ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ለተጠቃሚዋ ራሷ በሚገባት ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ከክኒኑ ጋር እንዲታሸግ አዘዘ። ለሐኪሙ ሳይሆን ለታካሚዋ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አንዷ ያቺ ነበረች።

ከ50 ማይክሮግራም በላይ ኤስትሮጂን የያዙት የመጨረሻዎቹ ክኒኖች በአሜሪካ ከገበያ የወጡት በ1988 ነው። ዶክተር ራይስ-ሬይ «ይህ መጠን በዝቷል» ካሉ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ የተለመዱት ጥምር ክኒኖች ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ይይዛሉ።

አንባብያን እንዳትደነግጡ ሚዛኑን ልናሳያችሁ ይገባል። የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር እንደገለጸው፣ ጥምር ክኒን ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት ደም የሚረጋባቸው ከ3 እስከ 9 ናቸው። ክኒን ከማይወስዱና ካላረገዙት መካከል ከ1 እስከ 5 ናቸው። በእርግዝና ላይ ካሉት መካከል ግን ከ5 እስከ 20 ይደርሳሉ። ስለዚህ ክኒኑ ከእርግዝናው አይከፋም፤ ከአደጋ ነፃ ነውም አይባልም።

ትምህርቱ ዛሬም አላበቃም

ይህ ታሪክ በክኒኑ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በካንሰር መድኃኒት በኩል ለብዙ ዘመን የቆየው ልማድ፣ ሕመምተኛው ሊሸከመው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ፈልጎ እርሱን መስጠት ነበር። ሕዋሳትን በጅምላ ለሚገድሉት ለቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ይህ ምክንያት ነበረው። አዳዲሶቹ ግን አንድን ነገር ለይተው የሚመቱ ናቸውና፣ ከአንድ ደረጃ በኋላ መጨመሩ ፋይዳ ላይኖረው ይችላል።

ለምሳሌ ዳሳቲኒብ የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት በ2006 ሲፈቀድ 70 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰድ ነበር። መጠኖቹ ጎን ለጎን ሲጠኑ በቀን አንድ ጊዜ 100 ሚሊግራም እኩል እንደሚሠራ፣ በሳንባ ዙሪያ ውኃ የመቋጠሩም ችግር እንደሚቀንስ ታወቀ። በ2007 መመሪያው ተለወጠ። የአሜሪካው አስተዳደርም በ2021 ፕሮጀክት ኦፕቲመስ የተባለ ዕቅድ አውጥቶ፣ የካንሰር መድኃኒት ሠሪዎች ከመነሻው የተለያዩ መጠኖችን እያነጻጸሩ እንዲያጠኑ መጠየቅ ጀምሯል። በየቀኑ መድኃኒት ውጦ ልጅ የሚያሳድግና ሥራ የሚውል ሕመምተኛ፣ የሚሸከመው ሁሉ ይጫንበት ማለት ደግ አይደለም።

በመርፌ የሚሰጠው የእርግዝና መከላከያም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በጡንቻ የሚሰጠው ለሦስት ወር 150 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከቆዳ ሥር እንዲሰጥ የተሠራው ደግሞ በ104 ሚሊግራም ያንኑ ሥራ ይሠራል። መርፌውን የምትመርጡ እህቶች ይህን ብታውቁ መልካም ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለየቤታችን የሚተርፈውን በአጭሩ እንዘርዝረው።

1ኛ/ ከታዘዘው መጠን አትጨምሩ። ሁለት የራስ ምታት ክኒን ካላስታገሠ አራት ይሻላል አትበሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ደኅና መድኃኒት ነው። ለአዋቂ ሰው ግን በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ ጉበትን ይጎዳል።

2ኛ/ አታጉድሉም። ክኒኑ አቅለሸለሸኝ ብሎ አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን መተው መከላከያውን ያጠፋዋል። አንዲት ጥምር ክኒን ብትረሱ ባስታወሳችሁ ጊዜ ወዲያው ዋጡ፤ በአንድ ቀን ሁለት ቢገጥምም የተፈቀደ ነው። ከአንድ በላይ ከረሳችሁ ግን ባለሙያ ጠይቁ።

3ኛ/ የጎረቤትን ክኒን አትዋሱ። ለእርሷ የተስማማው ለእናንተ ላይስማማ ይችላል። ዕድሜዋ 35 ዓመት የሞላና ሲጋራ የምታጨስ፣ ደም ግፊት ያለባት፣ ከዚህ ቀደም ደም የረጋባት፣ ወይም ዓይኗን ብልጭ ብልጭ የሚያደርግ ከባድ ራስ ምታት ያለባት ሴት ኤስትሮጂን ያለበትን ክኒን ሳታማክር መጀመር የለባትም። የምታጠቡ እናቶችም ለእናንተ የሚሆነው ዓይነት ሌላ ስለሆነ ጠይቁ።

4ኛ/ የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። ለምሳሌ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የክኒኑን ኃይል ያዳክማል።

5ኛ/ የአዋቂን ክኒን በግምት ሰባብራችሁ ለልጅ አትስጡ። የልጅ ልክ የሚወጣው ከክብደቱና ከዕድሜው ነው።

6ኛ/ ሕመም ከተሰማችሁ ተናገሩ። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ደረት ቢወጋ፣ ትንፋሽ ቢያጥር ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ከሐሳብ ነው» ብሎ የሚያሰናብታችሁ ቢኖር እንኳ ደግማችሁ አስረዱ። የሪዮ ፒየድራስ ሴቶች የተናገሩት እውነት ነበር።

በመጨረሻም፣ ያቺን ስስ ወረቀት አትጣሏት። ፊደሏ ደቃቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የምትጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው። ቢሆንም ልጅ የተማረ ካለ ይነበብላችሁ፤ ከሌለ የመድኃኒት ባለሙያዋን «ስንት ልውሰድ? መቼ? ምን ቢሰማኝ ልተው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። በእናንተና በሕመሙ መካከል ያለው ልክ እንዲገኝ፣ ስማቸው ሳይጠራ የቀሩ ብዙ ሴቶች ማቅለሽለሹንም አደጋውንም ቀምሰውታል። ያ ልክ በወረቀቷ ላይ ተጽፎ ሲደርሰን ቢያንስ አንብበን ብናስቀምጠው ምን ይከብደናል?